የተፈጥሮን ሕግ ወደ አደባባይ ማውጣት፦ ጀነሬቲቭ ዲጂታል ጥበብን ለሕዝብ ቦታ የማዘጋጀት መመሪያ

የወፎች መንጋ በሰማይ ላይ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የሚያሳይ ቪዲዮ ቀርጾ በትልቅ ስክሪን ላይ ማሳየት ለማንም ይቻላል፤ ሆኖም በዚያ መንገድ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ያ ቪዲዮ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ይሆናል። ጀነሬቲቭ ዲጂታል ጥበብ የሚነሳው ከሌላ ቦታ ነው። ሠዓሊው መንጋው የሚመራበትን ሕግ በኮድ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩም ያንን ሕግ እየተከተለ ምስሉን በየቅጽበቱ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ስለዚህ ከተፈጥሮ የሚወሰደው መልኳ ሳይሆን አሠራሯ ነው፤ ይህ መመሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚቆመውም በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ዘርፉ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ጆርጅ ኒስ በኮምፒውተር ያሠራቸውን ሥዕሎች በሽቱትጋርት ለእይታ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ቬራ ሞልናርም ከ1968 ጀምራ ኮምፒውተርን የሥዕል መሣሪያዋ አድርጋለች፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በኋላ የመጣው ለውጥ ሥራው ከወረቀትና ከጋለሪ ወጥቶ በሕንፃ ግድግዳ፣ በድልድይና በጣቢያ አዳራሽ ላይ መስፈሩ ነው፤ ይህም በሠዓሊው ላይ ጋለሪ ጠይቆት የማያውቀውን ብዙ ግዴታ ጭኖበታል።

ቦታውን ማጥናት

አንዲት መስመር ኮድ ከመጻፍ በፊት ቦታውን ማወቅ ይቀድማል። ሥራው ወደሚቀመጥበት ስፍራ በጠዋት፣ በቀትር፣ በምሽትና በሌሊት እየሄዱ በእያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ሰዎች ከየት እንደሚመጡ፣ የት ላይ እርምጃቸውን እንደሚያዘገዩ፣ ቀና ብለው የሚያዩት ከየትኛው ማዕዘን እንደሆነ ይመዝግቡ። ፀሐይ ግድግዳውን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትመታው፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ሌሊት የሚበሩት የመንገድ መብራቶች የትኞቹ እንደሆኑም መታወቅ አለበት፤ እነዚህ ነገሮች ኋላ ላይ ከቀለም ምርጫ እስከ መሣሪያ ግዢ ድረስ ሁሉን ይወስናሉና።

በዚህ ጥናት ወቅት ሦስት ዓይነት ተመልካቾችን ለይቶ ማሰብ በጣም ይረዳል። አንደኛው አላፊ አግዳሚው ነው፤ ለሥራው የሚሰጠው ጊዜ ዐሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ሁለተኛው አውቶቡስ ወይም ባልንጀራ የሚጠብቀው ሲሆን እርሱ ዐሥር ደቂቃ ሊያይ ይችላል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ መስኮቱ ከግድግዳው ፊት ለፊት የሆነ፣ ወይም ሱቁን በዚያ ከፍቶ የሚውል፣ ሥራውን ለዓመታት ሳይወድ በግድ የሚያየው ሰው። ወደ ጋለሪ የሚገባ ሰው ሊያይ ብሎ ይገባል፤ ይህ ሦስተኛው ሰው ግን ማንም አላማከረውም። እኔ ሥራዬን የምመዝነው ከሁሉ በፊት በእርሱ ዓይን ነው፤ እርሱን የማያሰለችና የማያውክ ሥራ ሌሎቹን አያጣቸውም።

ሕጉን መምረጥ

ቦታው ከታወቀ በኋላ አንድ የተፈጥሮ ሂደት ይመረጣል። አንድ የምለው ሆን ብዬ ነው፤ ጀማሪዎች መንጋውን፣ ቅርንጫፉንና ማዕበሉን በአንድ ስክሪን ላይ ሲያደባልቁ የሁሉም ጠባይ ደብዝዞ የሚቀረው ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ለመጀመሪያ ሥራ የምመክረው የመንጋን ሕግ ነው። ክሬግ ሬይኖልድስ በ1986 ሠርቶ በ1987 በጥናታዊ ጽሑፍ ባቀረበው «ቦይድስ» በተባለው ሞዴል ውስጥ እያንዳንዷ ወፍ የምትታዘዘው ሦስት ሕጎችን ብቻ ነው፦ ከጎረቤቶቿ ጋር እንዳትጋጭ ፈቀቅ ትላለች፣ አቅጣጫዋንና ፍጥነቷን ከእነርሱ አማካይ ጋር ታስተካክላለች፣ ወደ መካከላቸውም ትጠጋለች። መንጋውን የሚመራ አለቃ የለም፤ አጠቃላይ ቅርጹንም የምታውቅ አንዲት ወፍ የለችም። ያ ሁሉ መታጠፍና መዘርጋት የሚወለደው ከሦስቱ ትናንሽ ሕጎች ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ200 ወፎች ይጀምሩ፤ ለእያንዳንዷ ሥፍራዋንና ፍጥነቷን የሚይዙ ቁጥሮች ይስጡ። በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በተከታታይ ከሚሥላቸው ምስሎች በእያንዳንዱ፣ ለእያንዳንዷ ወፍ ሦስቱን ግፊቶች ለየብቻ አስልተው፣ እያንዳንዱን በራሱ የክብደት ቁጥር አባዝተው ይደምሯቸውና ድምሩን በፍጥነቷ ላይ ይጨምሩ፤ ፍጥነቷ ግን ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ ይገድቡት። ከዚያ ሁለቱን ክብደቶች ዜሮ አድርገው አንዱን ብቻ እያሠሩ ይመልከቱ። መራቅ ብቻ ሲሠራ ወፎቹ በስክሪኑ ላይ እኩል ይበተናሉ፤ መጠጋት ብቻ ሲሠራ ደግሞ ወደ አንድ ጉብታ ይከማቻሉ። ይህን ሳያዩ ሦስቱን በአንድ ላይ መነካካት በጨለማ መርፌ እንደመፈለግ ነው። የወፎቹን ብዛት ወደ ሺዎች ሲያሳድጉ ሌላ ችግር ይመጣል፤ እያንዳንዷን ወፍ ከሁሉም ጋር ማነጻጸር በ1,000 ወፎች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ስሌት በየፍሬሙ ይጠይቃልና ስክሪኑን በአራት ማዕዘን ክፍሎች ከፋፍሎ የጎረቤት ክፍሎችን ብቻ መፈተሽ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ከእውነተኛዎቹ ወፎች መማር የሚገባ ነገር አለ። ስታርሊንግ የሚባሉትን ወፎች መንጋ በሮም ሰማይ ላይ የለኩ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ እያንዳንዷ ወፍ የምትከተለው በተወሰነ ርቀት ውስጥ ያሉትን ሁሉ ሳይሆን፣ ርቀታቸው ምንም ያህል ቢሆን የቅርብ ጎረቤቶቿ የሆኑ ስድስት ወይም ሰባት ወፎችን እንደሆነ አሳይተዋል። ኮዱን በዚህ መልክ ሲጽፉት መንጋው ሲሳሳ ሳይበጣጠስ እንደ ጨርቅ ይለጠጣል፤ በሰፊ ግድግዳ ላይ ልዩነቱ ወዲያውኑ ይታያል።

ቦታው ዕድገትን የሚጠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ረጅምና ቀጥ ያለ ምሰሶ ከሆነ፣ የሊንደንማየርን ሥርዓት ይምረጡ። አሪስቲድ ሊንደንማየር የተባለው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ በ1968 የዕፅዋትን ዕድገት በፊደል መተካካት ገለጸው። «ሀ» በ«ሀለ» ይተካ፣ «ለ» ደግሞ በ«ሀ» ይተካ የሚል ሕግ ብቻ ቢኖረን፣ ከአንድ «ሀ» ተነስተን ሀለ፣ ሀለሀ፣ ሀለሀሀለ እያልን እንሄዳለን፤ ርዝመቱም 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያለ ያድጋል። ፊደሎቹ «ወደፊት ሂድ»፣ «ታጠፍ»፣ «ቦታህን ያዝ»፣ «ወደያዝከው ቦታ ተመለስ» የሚሉ ትእዛዞች ሲሆኑ ቅርንጫፍና ቅጠል ይወጣል። በየመታጠፊያው ማዕዘን ላይ ጥቂት ዕጣ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ የሚያወጣው ቁጥር፣ ካልተጨመረበት ግን ዛፉ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል።

የእንስሳት ቆዳ ላይ የሚታየውን ነጠብጣብና ሽንትር የሚመስል ነገር ለሚፈልግ ደግሞ አለን ቱሪንግ በ1952 ያቀረበው ሐሳብ አለ፤ እርስ በርስ የሚዋሐዱና በተለያየ ፍጥነት የሚሰራጩ ሁለት ኬሚካሎች ከዝርግ ወለል ላይ በራሳቸው ቅርጽ ሊያወጡ ይችላሉ። በኮድ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ይህን ሂደት በቀመር የሚገልጸው የግሬይ ስኮት ሞዴል ነው፤ በእርሱ ውስጥ መመገቢያ የሚባለው የመጀመሪያው ኬሚካል የሚጨመርበት፣ ማስወገጃ የሚባለው ደግሞ ሁለተኛው የሚወጣበት መጠን ነው። የመጀመሪያውን ኬሚካል የስርጭት መጠን 1.0፣ የሁለተኛውን 0.5፣ የመመገቢያውን መጠን 0.055፣ የማስወገጃውን 0.062 አድርገው ቢጀምሩ የዛጎል ድንጋይ የሚመስል ዕድገት ያያሉ፤ መመገቢያውን ወደ 0.0367፣ ማስወገጃውን ወደ 0.0649 ሲለውጧቸው ደግሞ እንደ ሕዋስ ለሁለት የሚከፈሉ ነጠብጣቦች ይመጣሉ። በሦስተኛውና በአራተኛው አኃዝ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሌላ ዓለም ስለሚያወጣ፣ የሚሞክሩትን እያንዳንዱን ጥንድ ቁጥር በማስታወሻ መያዝ ግዴታ ነው።

የሱፍ አበባው ሕግ ከሁሉም አጭሩ ነው። ሄልሙት ፎግል በ1979 እንዳሳየው፣ እያንዳንዱን ፍሬ ከቀዳሚው በ137.5 ዲግሪ እያዞሩ፣ ከመሐል ያለውንም ርቀት በተራ ቁጥሩ ስኩዌር ሩት ልክ እያሳደጉ ሲያስቀምጡ የአበባው ራስ ይሠራል። ማዕዘኑን በግማሽ ዲግሪ ሲያዛንፉት የታመቀው ክብ ወደ ክንዶች ይከፈታል፤ ይህች ግማሽ ዲግሪ ብቻዋን ለአንድ ምሽት የምትበቃ እንቅስቃሴ ናት። ለውኃ፣ ለደመናና ለጭስ ደግሞ ኬን ፐርሊን በ1985 ያሳተመው ፐርሊን ኖይዝ የተባለ ስሌት አለ፤ እርሱ ለስላሳ ዝብርቅርቅታ ስለሚሰጥ፣ እያንዳንዱ ንብርብር ካለፈው ሁለት እጥፍ የደቀቀና ግማሽ ኃይል ያለው ሆኖ በድርብርብ ሲደመር ተፈጥሯዊ ሻካራነት ያመጣል።

ስለ ኮድ መጻፊያ መሣሪያ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በ2001 የጀመሩት ፕሮሰሲንግ፣ በድረ ገጽ ማሰሻ ላይ የሚሠራው ወንድሙ ፒፋይቭ ጄኤስ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የሚጻፈው ኦፕን ፍሬምወርክስና ሳጥኖችን በመስመር እያገናኙ የሚሠሩበት ተች ዲዛይነር ሁሉም ያደርሳሉ። ሐሳብን በፕሮሰሲንግ ወይም በፒፋይቭ መሞከር፣ የመጨረሻውን ሥራ ደግሞ ሼደር በሚባል፣ በኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ ላይ በቀጥታ በሚሠራ የፕሮግራም ዓይነት መጻፍ የተለመደ መንገድ ነው።

ቦታውን ወደ ሥራው ማስገባት

ሕጉ ብቻውን የትም ሊታይ የሚችል ሥራ ይሰጣል። የዚያ ቦታ የሚሆነው የቦታው ነፋስ፣ ብርሃን፣ ሙቀት ወይም የሰዎች እንቅስቃሴ ወደ ውስጡ ሲገባ ነው። ሠዓሊው ሬፊክ አናዶል በ2017 ለአንድ የቦስተን ሕንፃ ሲሠራ ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ የተሰበሰበን የአንድ ዓመት የነፋስ መረጃ ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለውጦታል። ለአነስተኛ ሥራም ቢሆን በጣሪያ ላይ የተተከለ የነፋስ መለኪያና የብርሃን ሴንሰር ይበቃሉ።

ትስስሩን ሲመርጡ ምክንያቱና ውጤቱ በባሕርያቸው ይዛመዱ። ነፋስ መንጋውን ወደ ነፈሰበት አቅጣጫ ቢገፋው ተመልካቹ ማብራሪያ ሳያነብ ይረዳዋል፤ ሙቀት የቅርንጫፉን ዕድገት ቢያፈጥን እንዲሁ። የመኪና ድምፅ የአበባን ቀለም ቢለውጥ ግን ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ኮዱን የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ከሴንሰሩ የሚመጣውን ቁጥርም በቀጥታ አይጠቀሙበት፤ በየፍሬሙ አሮጌውን ዋጋ በ0.98፣ አዲሱን ንባብ በ0.02 አባዝተው ቢደምሩ እንቅስቃሴው እየተንሸራተተ ይለወጣል እንጂ አይዘልም። የንባቡን ክልል የሚወስኑትም በመሣሪያው ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ሳይሆን በዚያው ቦታ ለጥቂት ሳምንታት ከተለካው ነው፤ አለበለዚያ ሥራው ከሚችለው ክልል አንዲት ጠባብ ጥግ ብቻ ይዞ ዓመቱን ይገፋል።

ካሜራ ከተጠቀሙ ጥንቃቄው ይጨምራል። የሰዎችን ብዛትና የሚሄዱበትን አቅጣጫ ለማወቅ ፊታቸውን መያዝ አያስፈልግም፤ ምስሉ እዚያው ተሰልቶ ወዲያው ይጥፋ፣ በኔትወርክም አይላክ፣ መኖሩም በቦታው ላይ በግልጽ ይጻፍ። የርቀት ሴንሰር ሥራውን ከሠራ ካሜራ ባይኖር ይሻላል።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልጨምር። በስቱዲዮ ጠረጴዛ ላይ ልክ የሚመስል እንቅስቃሴ በሃያ ሜትር ግድግዳ ላይ ሩጫ ይሆናል፤ በስክሪኑ ላይ አንድ ጣት የምታህል ጉዞ እዚያ ሜትሮችን ትሸፍናለችና። እኔ የመጨረሻውን ፍጥነት የምወስነው ቦታው ላይ ቆሜ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በቤት ውስጥ ካሰብኩት ወደ ግማሽና ከዚያ በታች አወርደዋለሁ። ለነዚያ ሦስት ተመልካቾችም ሦስት የለውጥ ፍጥነቶችን ማበጀት ይቻላል፦ በሰከንዶች የሚታይ ማዕበል፣ በደቂቃዎች የሚፈጸም መሰብሰብና መበተን፣ በወራት የሚለወጥ ቀለም ወይም ጥቅጥቅነት።

ብርሃኑና ማሳያው

የኤልኢዲ ስክሪን ሲመረጥ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይጠይቁ፤ በልማድ የሚሠራበት ስሌት ያ ቁጥር በሜትር ሲነበብ ምስሉ ተዋሕዶ የሚታይበትን ዝቅተኛ ርቀት ይጠቁማል የሚል ነው። ተመልካቹ ከሠላሳ ሜትር ለሚያየው ግድግዳ የሦስት ሚሊሜትር ስክሪን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ነጥብ ማነስ ጥበብ ማነስ አይደለም። የብርሃን ሠዓሊው ሊዮ ቪላሪያል በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ድልድይ ላይ ያበራው ሥራ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርዝመት ላይ የተዘረጉ 25,000 መብራቶች ነበሩት፤ ይህ ወርድና ቁመቱ 160 ነጥብ ከሆነ ትንሽ ምስል እንኳ ያንሳል፤ ከተማው ግን የውኃውንና የጭጋጉን እንቅስቃሴ በውስጡ አይቶበታል። የሚታወስ ቅርጽ ሳይሆን የሚታወስ እንቅስቃሴ መሥራት ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከቤት ውጭ በቀን የሚታይ ስክሪን፣ ኒት በሚባለው የስክሪን ብርሃን መለኪያ፣ 5,000 ኒትና ከዚያ በላይ ብርሃን ይፈልጋል፤ ያው ብርሃን በሌሊት የሰውን ዓይን ያሳምማል። ስለዚህ የብርሃን ሴንሰር አያይዘው ማታ ወደ ጥቂት መቶ ኒት እንዲወርድ ያድርጉ። ፕሮጀክተር የሚሻለው ሕንፃው ስክሪን እንዲሸከም በማይፈለግበትና ቦታው በሚጨልምበት ጊዜ ነው፤ ፕሮጀክተር ጥቁርን መጣል ስለማይችል በአጠገቡ ያለ አንድ የመንገድ መብራት ብቻ ሥራውን ሊያጠፋው ይችላል።

ደኅንነትን በሚመለከት የማይታለፍ ወሰን አለ። ምስሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም ማለት የለበትም፤ ፎቶሴንሲቲቭ ኤፒለፕሲ፣ ማለትም በብልጭታ የሚቀሰቀስ የሚጥል በሽታ፣ ያለባቸውን ሰዎች ሊጥል ይችላል፤ ደማቅ ቀይ ብልጭታ ደግሞ የባሰ ነው። የሚፈጥን መንጋ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ ሲያልፍ ይህንን ወሰን ሳያውቁት ሊጥስ ስለሚችል በፍሬም እየቆጠሩ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ወፎችን እየሳልን ወፎችን መጉዳታችን ደግሞ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ነገር ነው። በኒውዮርክ በየዓመቱ መስከረም ላይ ወደ ሰማይ የሚለቀቁትን የ2001ዱ የሽብር ጥቃት መታሰቢያ መብራቶች በሰባት ዓመታት ውስጥ በሰባት ሌሊቶች ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2017 እንዳሳተሙት፣ ብርሃኑ ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚገመቱ ተጓዥ ወፎችን አውኳል፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን ወፎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ተበትነው መንገዳቸውን ቀጥለዋል። ከዚህ የምንወስደው ግልጽ ነው፦ ብርሃን ወደ ሰማይ አይለቀቅ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሥራው ይጥፋ፣ ወፎች በሚፈልሱባቸው ሳምንታት ሰዓቱ ይጠር፣ ከነጭና ከሰማያዊ ይልቅ ሞቃት ቀለሞች ይመረጡ። የማጥፊያው ሰዓት በኮዱ ውስጥ ከመጀመሪያው ይጻፍ፤ ማምሻውን ወፎቹ ሲያርፉ፣ ቅርንጫፎቹ ሲከስሙ የሚያሳይ መጨረሻ ሲኖረው መጥፋቱም የሥራው አካል ይሆናል።

ለወራት እንዲሠራ ማድረግ

አንድ ሥራዬ በተከፈተ በአራተኛው ቀን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስቱዲዮ ውስጥ ለሰዓታት ሞክሬው ምንም አልታየበትም ነበር። ምክንያቱ ጊዜን በ32 ቢት የአሥርዮሽ ቁጥር መያዜ ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ቁጥር እያደገ ሲሄድ ትናንሽ ልዩነቶችን መያዝ ያቅተዋል። ከ262,144 ሰከንድ፣ ማለትም ከሦስት ቀን ትንሽ በላይ ካለፈ በኋላ ሊለያቸው የሚችላቸው ሁለት ቅጽበቶች በአንድ ሠላሳ ሁለተኛ ሰከንድ የተራራቁ ናቸው፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ለሚሄድ ሥራ ይህ ከአንድ ፍሬም ይረዝማል። ፍሬሞችን አንድ በአንድ በዚህ ቁጥር ለሚቆጥርም ሰው ነገሩ ያው ነው፤ 16,777,216 ላይ ሲደርስ ቆጠራው ቀጥ ይላል፤ ያም የሚሆነው ከሦስት ቀን ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። መፍትሔው ሰዓቱን በ64 ቢት ቁጥር መያዝና ወደ ሼደሩ የሚላከውን ዋጋ ኖይዙ ራሱን በሚደግምበት ልክ፣ በተለመደው የፐርሊን አጻጻፍ በ256፣ ወደ ዜሮ መመለስ ነው። ይህን ለመያዝ ቀናት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የመነሻውን ሰዓት ሆን ብሎ ትልቅ ቁጥር አድርጎ መጀመር ችግሩን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያወጣዋል።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ኮምፒውተሩ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያለ ሰው እጅ ይነሳ፤ ፕሮግራሙ ሲቆም የሚያስነሳው ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይኑር፤ ሴንሰሩ ወይም ኔትወርኩ ሲቋረጥ ሥራው ቀድሞ በተመዘገበ የነፋስ መረጃ ይቀጥል እንጂ የስሕተት መልእክት በአደባባይ አይውጣ። ዕጣው የተነሳበት የመነሻ ቁጥር በየቀኑ ይመዝገብ፤ ያለ እርሱ አንድ ሌሊት የታየውን እንግዳ ስሕተት ደግሞ ማየት አይቻልም። የኤልኢዲ መለዋወጫዎችን ከመጀመሪያው ግዢ ጋር በአንድ ላይ ይግዙ፤ ከሌላ ጊዜ ምርት የመጣ ቁራጭ በቀለሙ ተለይቶ በልብስ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ይታያል። ከመክፈቻው በፊትም ሥራው በመጨረሻው ኮምፒውተር ላይ ቢያንስ ለሰባት ቀናት ሳይቋረጥ ይሂድ።

ከተከፈተ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት፣ ማንነትዎን ሳይናገሩ ከተመልካቾቹ መካከል ይቀመጡ። ሰዎች ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ስልካቸው የሚያዩበትን ሰዓት፣ ልጆች ሮጠው የሚጠጉበትን ቅጽበት፣ ፊት ለፊት ያለው መስኮት መጋረጃው የሚዘጋበትን ጊዜ ይመዝግቡ፤ ክብደቶቹን፣ ፍጥነቱንና የማታውን ብርሃን በዚያ መሠረት ያስተካክሉ። ወሩ ሲያልቅ ቁጥሮቹን ቆልፈው የኮዱን ቅጂ፣ የሴንሰሮቹን ሥዕላዊ ካርታና «መብራት ሲጠፋ ይህን ያድርጉ» የሚል የአንድ ገጽ ጽሑፍ ቦታውን ለሚጠብቁት ሰዎች ያስረክቡ።